ልብ ወለድ የሚለውን ስም ያወጡልን ሰው
የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው እትማችን በጣም ስለምትወዱት የምናብ ታሪክ ጻፉልን ብለን ነበር። ወረቀቱ በዛብን እኮ! አንዳንዶቻችሁ አያቶቻችሁ የነገሯችሁን የጭራቅ ተረት ጽፋችኋል። አንዳንዶቻችሁ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ተረት ተረት የመሠረት መርጣችኋል። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል የመጡት ደግሞ በመንኮራኩር ወደ ማርስ ስለሚሄዱ ሰዎች የሚያወሩትን ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች ነው የወደዱት። ስሙን ያልጻፈ አንድ ተማሪ ብቻ ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም ወይ፣ ውሸት ማንበብስ ምን ይጠቅማል ሲል ጠይቆናል።

የሁላችሁንም ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ገረመኝ። የጭራቁም የማርሱም ጸሐፊ ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ተጠቅሟል። ቃሉን ግን ማን አመጣው? ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ከ100 ዓመት በፊት በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ጽፎት ነው እስከ ጎብዬ የደረሰው። ስለዚህ በዚህ እትም የምወደውን መጽሐፍና የጸሐፊውን ሕይወት አንድ ላይ ላጫውታችሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የሰውዬው ሕይወት ከመጽሐፉ ይልቅ ያከራክራል። አንቱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ከክበባችን ልጆች መካከል አንተ በለው ያሉኝ ነበሩ፤ ለምን እንዳሉኝ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ ምልክት አደርጋለሁ።

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረኢየሱስ የተወለዱት በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. ዘጌ ነው። ዘጌ በጣና ሐይቅ ዳር ያለች፣ ውኃ በሦስት በኩል የከበባት መሬት ናት። እኛ ራያ ቆላ ላይ ዝናብ ሲዘገይ ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ የዘጌ ልጆች ግን ውኃው ከደጃቸው ነው። አገሩ በቡና ጫካ የተሸፈነ ነው። በጫካው ውስጥ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከሁሉም የምትታወቀው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቅዱሳን በፈረስ ተቀምጠው፣ መላእክት ሰይፍ መዝዘው፣ ደግሞም ሰው ይበላ የነበረው በላዔ ሰብ በቀለም ተስሎ ይታያል። እስቲ አስቡት፣ ፊደል የሚቆጥር ልጅ በየቀኑ እንዲህ ያለ ግድግዳ እያየ ሲያድግ! እኛ በቴሌቪዥን የምናየውን እሳቸው በግድግዳ ላይ አይተውታል ማለት ነው። ለኔ የሥዕሉም የድርሰቱም ፍቅር የመጣው ከዚያ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን እዚያው ተማሩ። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ እንደነበሩ ይነገራል። በዚህም ይሁን በሥዕል ችሎታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቀረቡና በ1887 እ.ኤ.አ. ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣልያን አገር ተላኩ። ትምህርት ቤቱ ቶሪኖ በምትባል ከተማ ያለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ከእኛ ክፍል አንድ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሳምንት ሙሉ እንጠይቀዋለን። እሳቸው በበቅሎ ወደ ባሕር ወርደው፣ መርከብ ተሳፍረው፣ ቋንቋውን የማያውቁት አገር ገብተው ነው የተማሩት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ወሎ ይመጣል። ከወልድያ ወደ ደሴ የሄዳችሁ ልጆች ውጫሌን አይታችኋታል አይደል? በ1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የጣልያን መንግሥት የተዋዋሉት እዚያ ነው። በውሉ አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው ቃልና የጣልያንኛው ቃል አልተስማማም። አማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊጻጻፉ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አንድ ግሥ ነው ያን ሁሉ ጦርነት ያመጣው። ሰዋስው የሚያስተምሩን መምህራችን ስለ ግሥ ሲቆጡን እውነታቸውን ነው ማለት ነው።

ጦርነቱ እየቀረበ ሲመጣ አፈወርቅ አውሮፓ ነበሩ። በ1894 እ.ኤ.አ. ጉግሣ ዳርጌ እና ቅጣው ዛማኑኤል ከሚባሉ ሁለት ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ነበር። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው ያስላካቸው። ሦስቱ ግን ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ስዊዘርላንድን ጥለው ወደ ጣልያን ተሻገሩ። ልብ በሉ፣ ወደ ጠላት አገር ነው! የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ አሸነፈች። አፈወርቅም ባሸናፊዎቹ ዘንድ ከሃዲ ተባሉ። አገራቸው መግቢያ አጡ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ። እኔ አንዱንም መርጬ አልነግራችሁም። ያደረጉት ነገር ግን ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ጣልያን ሆነ። ጣልያናዊት ሚስት አገቡ። በ1902 እ.ኤ.አ. ኔፕልስ በምትባል የወደብ ከተማ ባለው የምሥራቅ አገሮች ቋንቋ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1905 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በጣልያንኛ ጻፉ፤ የመነጋገሪያ መጽሐፍም አሳተሙ። ሥዕል ሊማር የሄደ ሰው የቋንቋ መምህር ሆኖ ቀረ። አማርኛ የሚያናግራቸው ሰው በሌለበት አገር ነው ቀኑን ሙሉ ስለ አማርኛ ሲያስቡ የሚውሉት። እኔ ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል። ናፍቆታቸውን የት ያድርሱት? ወረቀት ላይ ነዋ።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ርዕሷ ልብ ወለድ ታሪክ ይላል። ዛሬ ሰው ሁሉ ጦቢያ እያለ የሚጠራት መጽሐፍ ይህች ናት። መቶ ገጽ እንኳ አትሞላም። ብዙ አዋቂዎች በአማርኛ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ረጅም ልብ ወለድ ይሏታል።

ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን አይጽፉም ነበር ማለቴ አይደለም። ገድል ነበር፣ ዜና መዋዕል ነበር፣ ቅኔ ነበር፣ ደብዳቤ ነበር። የጽሕፈቱ ዋና ቋንቋ ግን ግዕዝ ነበር። የተጻፈውም ነገር ተደርጓል ተብሎ ነው የሚጻፈው። ተረት ደግሞ በአፍ ነው የሚኖረው፤ ማታ እሳት ዳር ይነገራል፣ ጠዋት የለም። አንድ ሰው ተነሥቶ ያልተደረገ ነገር፣ ከራሱ አእምሮ የወጣ ነገር፣ እንደ ቁም ነገር በመጽሐፍ ማሳተሙ እንግዳ ነበር። እናም ለዚህ እንግዳ ነገር ስም ያስፈልገው ነበር። ልብ ወለድ አሉት። ልብ የወለደው ማለት ነው። በድሮው አነጋገር ልብ ማለት ማሰቢያም ነው፤ ልብ አድርግ፣ ልብ በል፣ ልብ የለውም ስንል እንደምናስበው። እንግዲህ አእምሮ እንደ እናት ይወልዳል ማለታቸው ነው። ስሙን ያልጻፍከው ወንድሜ (ወይም እህቴ)፣ ለጥያቄህ መልሱ ያለው እዚህ ቃል ውስጥ ይመስለኛል። ውሸታም ሰው ያልተደረገውን ተደረገ ብሎ ያታልልሃል። ልብ ወለድ ግን ገና ከሽፋኑ ላይ ከልቤ ነው የወለድኩት ብሎ ነግሮህ ነው የሚጀምር። ማን አታለለህ?

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለል። ዘመኑ አይታወቅም፣ አገሩም በስም አይጠራም። በክርስቲያንና በአረማዊ መካከል ጦርነት ተደርጎ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይሸነፍና ይማረካል። መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋህድ፣ ሴቷ ጦቢያ። የማያውቃቸው አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ አባትየው ነፃ እንዲወጣ ያደርጋል። ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ሳልመልስ አልኖርም ብሎ ፍለጋ ይወጣል። እሱም በመንገድ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። አሁን ደግሞ አባትና ጦቢያ ዋህድን ፍለጋ ይወጣሉ። ጦቢያ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በአረማዊው ንጉሥ እጅ ይወድቃሉ። ንጉሡ ይህን መልከ መልካም ወጣት እጅግ ይወደዋል፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነችው ልጅ ደግሞ ወንድ መስሏት በጦቢያ ፍቅር ትያዛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ግራ መጋባት ገምቱት! በመጨረሻ ሁሉም ይገለጣል፣ ዋህድም ይገኛል፣ ንጉሡ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፣ ዋህድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል።

መንኮራኩር የለበትም፣ ዘንዶም የለበትም። ግን የምናብ አገር አለበት። ያ አገር የት ነው ብላችሁ ካርታ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ደራሲው ያን አገር ጎንደር ነው ወይም ሸዋ ነው ቢሉን ኖሮ ይህ ንጉሥ መቼ ነገሠ፣ ይህ ጦርነት የት ተደረገ እያልን እንጨቃጨቅ ነበር። ስም ስላልሰጡት ግን ያነበበ ሁሉ የራሱን አገር ያስገባበታል። እኔ ተራራው ሲነሣ ዞብልን ነው ያየሁት፣ ሜዳው ሲነሣ የቆቦን ሜዳ ነው ያየሁት። ደግሞ ጦቢያ የሚለው ስም ራሱ ሰው ኢትዮጵያን ሲያቆላምጥ የሚጠራበት ስም ነው። ልጅቷ አገር ናት፣ አገርም ልጅቷ ናት። አገሩ የማይገባ ሰው ለአገሩ ልጅ ስም ቢያወጣላት ይህን ማውጣቱ ምን ይደንቃል?

የፈረንጆቹን ከወደዳችሁት ጋር ላወዳድርላችሁ። ዡል ቬርን የሚባለው ፈረንሳዊ በ1865 እ.ኤ.አ. ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ ጽፏል። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከአሜሪካ ፍሎሪዳ በመድፍ ተተኩሰው ነው የሚሄዱት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1961 ዓ.ም.፣ በእውነት ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሥተው ወደ ጨረቃ ሄዱ፤ ሁለቱ ረገጧት። ኤች ጂ ዌልስ የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በዘመን ውስጥ ወደፊት የምትሄድ መሣሪያ በ1895 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዓድዋ ሆነ። እንግዲህ የእኛ ሰው ልብ ወለድን ሲጽፉ ፈረንጆቹ በምናብ ጨረቃ ደርሰው ነበር ማለት ነው። አፈወርቅ ግን ምናባቸውን ወደ ሰማይ አልላኩትም። የማያውቀውን ሰው ዕዳ የሚከፍል ነጋዴ ያለበት፣ ተዋግተው የነበሩ ሰዎች ሠርግ የሚደግሱበት አገር ነው የታያቸው። ለእኔ ይህ ከጨረቃ ይርቃል። ጨረቃማ ተደረሰባት።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። አንደኛ፣ ሰዎቹ ማልቀስ ያበዛሉ። አባት ያለቅሳል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሲገናኙም ያለቅሳሉ፣ ሲለያዩም ያለቅሳሉ። አማርኛውም የድሮ ስለሆነ ይከብዳል፤ እኔ ሦስት ቦታ ላይ አማርኛ መምህራችንን ጠይቄያለሁ። የክበባችን ሴት ልጆች ደግሞ ትክክለኛ ቅሬታ አላቸው። ጦቢያ ያን ሁሉ በረሃ በወንድ ልብስ አቋርጣ፣ አባቷን ጠብቃ፣ ንጉሥ አሸንፋ (በጦር ሳይሆን በጠባይ)፣ መጨረሻዋ ማግባት ብቻ ነው ወይ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ብጽፈው ኖሮ የጦር አለቃ ነበር የማደርጋት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሃይማኖቱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ደጉ ሁሉ በአንድ ወገን፣ ጨካኙ ሁሉ በሌላ ወገን ነው። ሰላም የሚመጣውም ንጉሡ ሃይማኖቱን ሲለውጥ ነው። እኛ ወሎዎች ነን። አንድ ዴስክ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀምጠን ነው የምንማረው። በዓል ሲመጣ አንዱ ከአንዱ ቤት ይጠራራል። ለሰላም ብሎ ማንም ማንንም ለውጥ አላለውም። ዘጌ ተወልዶ ጣልያን የኖረ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ጎብዬ ማክሰኞ ገበያ ቢውሉ ኖሮ ሌላ መጨረሻ ይጽፉ ነበር እላለሁ፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ እዚያው ሮም አሳተሙ። ምኒልክን በጣም አመስግነው ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ነገሥታት በጣም ነቀፉ። ይህ ነገር ደስ ያላላቸው ነበሩ፤ ታላቁ ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ታሪክ እንዲህ ባንድ ወገን አይጻፍም ብለው ከተቹት አንዱ ናቸው። እኔም ከገብረ ሕይወት ጋር ነኝ። ልብ ወለድ ሲሆን ያሻህን አወድስ፤ ታሪክ ሲሆን ግን ልብህ የወለደውን አትጨምርበት። አፈወርቅ ሁለቱን መለየት ያስተማሩን ሰው ሆነው እዚያ ላይ ራሳቸው ቀላቀሉት።

በኋላ ወደ አስመራ መጡና ጥቂት ኖሩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ምሕረት አግኝተው አገራቸው ገቡ። ሠላሳ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ስንት ነገር ተለውጦ ጠበቃቸው! ምኒልክ የሉም፣ ጣይቱ የሉም፣ ባቡር ድሬዳዋን አልፎ አዲስ አበባ ገብቷል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተማሩ ሰዎች ይፈልጉ ስለነበር ሥራ ሰጧቸው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ደግ ነጋዴ ፈጥረው፣ ከዓመታት በኋላ ራሳቸው የነጋዴ አለቃ ሆኑ። ልብ ወለዳቸው ቀድሟቸው ሄዶ የጠበቃቸው ይመስላል። ዕቃ ሲቀርጡ ያን ነጋዴ ያስታውሱት ነበር ይሆን?

ከ1931 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሠሩ። ማለትም ጣልያን ሁለተኛውን ወረራ ስታዘጋጅ አገራችንን ወክለው እዚያው ተቀምጠው ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

ይህ ጦርነት ለእኛ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተደረገው ውጊያ የት ነው? በቆቦ አልፋችሁ፣ በአላማጣ አልፋችሁ፣ ግራ ካሡን ወጥታችሁ፣ ኮረምንና አሸንጌ ሐይቅን ስታልፉ ማይጨው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ተሸንፎ ሲመለስ አሸንጌ ዳር ላይ አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ረጨበት። ውኃ ሊጠጡ የወረዱ ሰዎች እዚያው ቀሩ። በጎብዬ መሐል የሚያልፈው ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚሄደው መኪና መንገድም ጣልያን በዚያ ዘመን ያስከፈተው ነው። ትምህርት ቤት ስንመጣ በየቀኑ የምናቋርጠው መንገድ ማለት ነው።

ነጋድራስ አፈወርቅ በዚህ ጊዜ ከማን ጋር ነበሩ? ከጣልያኖቹ ጋር። ሹመትም ተሰጣቸው፤ አፈ ቄሳር ተባሉ። በድሮው ሥርዓት የንጉሡ ዋና ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። የእሳቸው ግን ንጉሡ ወጥቶ ቄሳር ገባበት። አፈወርቅ ብላ እናታቸው የወርቅ አፍ ያለችው ልጅ በእርጅናው የቄሳር አፍ ሆነ። አንተ በለው ያሉኝ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ያሉት። መጀመሪያ እኔም ሰረዝኩና አንተ ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሽማግሌ አንተ ማለት እጄ አልታዘዘኝም፤ ወደ አንቱ መለስኩት። ቀለሙ የደበዘዘባችሁ ቦታ ያ ነው።

አገራችን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቷን ተቀበለች። አፈወርቅ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ወደ ጅማ ተወሰዱ። እዚያ ሳሉ ዓይናቸው ጠፋ። ዘጌ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያዩ ያደጉት፣ ቶሪኖ ድረስ ሄደው ቀለም የተማሩት ሰው በመጨረሻ ምንም የማያዩ ሆኑ። ጅማም እንደ ዘጌ የቡና አገር ናት። ሽታው ሳይመጣባቸው አይቀርም እላለሁ፤ ይህ ግን የኔ ልብ ወለድ ነው፣ ከታሪኩ ጋር አትቀላቅሉብኝ። በመስከረም 1940 ዓ.ም. እዚያው ጅማ አረፉ። ዕድሜያቸው 79 ነበር።

በክበባችን ስብሰባ ላይ የዚህ ሰው ታሪክ ይግባ ወይስ አይግባ ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። አንደኛው ወገን አገሩን ሁለት ጊዜ ለጠላት የሰጠ ሰው በልጆች መጽሔት ስሙ አይነሣ አለ። ሁለተኛው ወገን መጽሐፉን ብቻ ጽፈን የሰውዬውን ነገር እንለፈው አለ። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ስሙን ከደበቅን ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ስንጠራ ማንን እንደምንጠራ ሳናውቅ ልንኖር ነው። ክህደቱን ከደበቅን ደግሞ አሸንጌ ዳር የቀሩትን ሰዎች ደበቅን። ጦቢያን ስታነቡ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። እኔ ዋህድ የሰው ውለታ ሳልመልስ አልኖርም ብሎ የወጣበት ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ይህን የጻፈው ሰው አገሩ ያስተማረችውን ውለታ እንዴት ረሳ? ወይስ ስላልረሳው ነው የጻፈው? በ1888 ከአገር ተለይቶ በ1900 የጻፈው መሆኑን አስቡ። መጽሐፉ ውስጥ የጠፋ ልጅ አለ፣ ሊፈልገው የሚወጣ አባት አለ፣ በመጨረሻም ቤቱ ይገባል። እኔ ይህን ዕዳውን ያወቀ ሰው ጽሑፍ ነው እላለሁ። ከኔ ጋር የማይስማማ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ገጽ እንለቅለታለን።

መጽሐፏ ከደራሲዋ የተሻለ ዕድል ገጥሟታል። ጦቢያ በሚል ስም አገር ውስጥ ደጋግማ ታትማለች። በ1964 እ.ኤ.አ. ታዋቂው የታሪክ ምሁር ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመዋታል። ልብ ወለድ የሚለው ቃል ደግሞ አድጎ ልጆች ወለደ፤ ረጅም ልብ ወለድ፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እያልን እንጠራዋለን። የማርስ መንኮራኩር የጻፋችሁልን ልጆች መንኮራኩራችሁን ያሳፈራችሁት አንድ የዘጌ ሰው ሮም ላይ ባወጣው ስም ነው።

ጦቢያን ማንበብ የምትፈልጉ አማርኛ መምህራችን ዘንድ አንድ ቅጂ አለ። ወረፋው በክፍል ነው፤ ስምንተኞች ጨርሰናል፣ ከሰኞ ጀምሮ የሰባተኞች ነው። አንድ ሰው ከአራት ቀን በላይ አይይዝም። ወፍ ጥበቃ ስትሄዱ ማማ ላይ ይዛችሁ አትውጡ፤ ሽፋኑ እየለቀቀ ነው።